ሰማንያ

አራጋው ወደ ሐርቡ ሲዛወር፣ ለጤና ጣቢያው ሥራ፣
አራስ ነበርኩ፤ መጣሁ ከሁለት ልጅ ጋራ፤
አንዱ አራት ዓመቱ፣ ጥያቄው የማያልቅ፣
አንዷ ሃያ ቀኗ፣ ስሟ ገና የማይታወቅ።
አዛኑ ቅርብ ነው፣ ከመስኮታችን ሥር፤
የእኛ ደወል ግን ርቆ ነው የሚኖር።
ካርቶን ሳንፈታ፣ አልጋ ሳይገጠም፣
«ታቦታችን የቱ ይሁን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሴት ልጅ የወለደች ሰማንያ ቀን ትቆያለች፣
ቅጥሩን ሳትዘልቅ ከውጭ ትሳለማለች።
ስለዚህ እኔ የመረጥኩት
በጆሮዬ ነው፣ ከአጥር ማዶ፤ በዓይን ያየሁት
የዛፍ ጥላ ብቻ፣ የሰው ጀርባ፣ የጫማ ክምር፣
ልጄን እያጠባሁ ከግንቡ ሥር።

መጀመሪያ ገብርኤል፣ ከተራራው ጫፍ፤
ዳገቱ ፍየልን መንገድ ላይ የሚያሳርፍ።
ቅዳሴው ሙሉ ነው፣ ዲያቆናቱ ብዙ፣
ዜማው ቁልቁል ሲወርድ ይሰማል እስከ ወንዙ።
ግን ክረምት ሲገባ ያ ጭቃ፣ ያ ድጥ፣
አንዷን አዝዬ፣ አንዱን ጎትቼ፣ ሌላ ምጥ።

ቀጥሎ ኮምቦልቻ፣ በሚኒባስ ተጭነን፣
አራታችን በሁለት ሰው ቦታ ተጣበን።
ትልቅ ደብር ነው፤ ድምፅ ማጉያው አራት፣
ሰንበት ትምህርት ቤቱ ባለ ፎቅ፣ ባለ መብራት።
«ከየት መጣሽ?» ያለኝ አንድም ሰው የለም፤
አንዲት ሴት ብቻ፣ «እዚህ መቀመጥ አይፈቀድም።»
ልጄ ማጉያውን አይቶ «ቄሱ እዚያ ውስጥ ናቸው?» ሲለኝ
ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን፣ እንጃ፣ አንዳች ነገር ከፋኝ።

ሦስተኛው ኪዳነ ምሕረት ነው፣ ከቦርከና ማዶ፤
ያደረሰን ኑርዬ ነው፣ ባጃጁ ጭቃ ለምዶ።
«የአያቴ እናት» አለ «እዚያ ነው ያረፈች፤
ቤቱ ሁሉ ሲሰልም እሷ ብቻ የቀረች።»
ጣሪያው ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣
ደውሉ የአይሱዙ ቸርኬ፣ በሽቦ ታስሮ።
አባ ጽጌ ወጡ እኔ እስከቆምኩበት አጥር፣
በርጩማ ይዘው፤ «ተቀመጪ እንጂ፣ አራስ ይቆማል በእግር?
ቅዳሴ እንኳ የለም ዛሬ» አሉ፤ «አራት ነን፤
አምስት ካልሞላ አይቀደስም፤ ትንሹ ዲያቆን ደሴ ሄደብን።»

ከዚያ አራጋውን አዩት፤ ነጠላ አጣፋቱን፣
ግዕዙን ሳይንተባተብ አብሯቸው መድገሙን።
«ድቁና አለህ?» አሉት።
ዝም አለ።
ነበረው። ዋድላ እያለ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ፤
አሁንም ከሻንጣ ሥር ነው ወረቀቱ።
ግን እኛ በማዘጋጃ ነው የተጋባን፣ በሰማንያ፤
ሁለት ምስክር፣ አንድ ቀይ መዝገብ፤ ያ ፊርማ የድቁናው ማብቂያ።
አልጸጸትም፤ ግን ያን ጊዜ አንገቱን ሲደፋ
አምስተኛው በእኔ ምክንያት መሰለኝ የጠፋ።

አባ ገባቸው። አልገፉም። ልጄን አዩና
«ስንት ዓመትህ ነው?» «አራት።» በጣታቸው ቆጠሩና
«ፊደል ዛሬ ብንጀምር… አምስት ዓመት፣ ስድስት…
እሷ ካቆየችኝ እጠብቅሃለሁ» አሉት፣ ፈገግ እንደ ማለት።
ልጄ ግን ቸርኬውን ነበር የፈለገው፤
አንሥተው ድንጋይ አስያዙት፤ አንዴ ደወለው።

«ሰንበት ትምህርት ቤት የለው፤ ምን ሊማሩ?» ይላል አራጋው ማታ።
ልክ ነው። መልስ የለኝም፤ ዳይፐር እቀይራለሁ በዝምታ።
ኑርዬ ቀኑን በስልኩ መዝግቧል፤
አምስተኛውን ከገብርኤል ሊያመጣ ቃል ገብቷል፣
ወንዙ ካልሞላ።

ዛሬ ሰባ ሦስት ሞላት።
ሰባት ቀን ቀርቷታል ስም ሊወጣላት።
ከደሴ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፣ ያጉረመርማል፤
ልጄ በረንዳ ላይ የድስት ክዳን ይዞ ይደውላል።