መልሰህ ተካው

የማታ ተማሪ ነኝ፤ ቀን ባጃጅ፣ ማታ ደብተር፣
ጣቴ ላይ የግሪስ ሽታ፣ ጆሮዬ ውስጥ ሞተር።
ኮቺ ባለው ትምህርት ቤት፣ መስኮቱ በማይገጥም ክፍል፣
የሚያዝያ ዝናብ ቆርቆሮ ሲወቅጥ፣ መምህርት ፈዲላ እንዲህ ስትል፦
«ሁለት እኩልታ ሲያስጨንቋችሁ፣ ተነጣጥለው ሲያስቸግሯችሁ፣
አንድ ወረቀት ላይ ልቀቋቸው፤ የት እንደሚገናኙ ይንገሯችሁ።»

እኔ የመጽሐፉን ተውኩ። የራሴን ጉድ አስቀመጥኩ፤
ኤክስን ወር ብዬ ጠራሁት፣ ዋይን በሺህ ብር መተርኩ።
ለአባ ዲጋ፣ ለመለዋወጫ ነጋዴው፣ ሰባት ሺህ አለብኝ ዕዳ፤
ወር በወር አንድ ስቀንስለት፣ መስመሩ ወረደ ከጅሬን አናት፣ ፍሬን እንደያዘ፣ ወደ ሜዳ።
ከፍራሼ ስር አንድ ሺህ አለ፤ በወር ሁለት እጨምራለሁ፤
ይሄኛው ከአዌቱ ድልድይ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ሽቅብ ሲወጣ አያለሁ።

ማስመሪያ የለኝም፤ በመንጃ ፈቃዴ ጠርዝ አሰመርኩ።

እርሳሴ ደነዝ፤ የተሻገሩበት ነጥብ አብጦ ዝንብ አከለ፤
ሁለት ወር ነው? ሁለት ከሩብ? ዓይኔ አንዴ አመነ፣ አንዴ ዋለለ።
ረውዳ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው፣ የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ፣
«ሁለት በለውና ተገላገል» አለችኝ፣ ግማሽ ፊቷ እንደተኛ።
ፈዲላ መጣች፤ ቾክ የነጣ ጣቷን ዝንቡ ላይ አሳረፈች፤
«ግራፍ ይጠቁማል እንጂ አይምልም፤ መልሰህ ተካው» አለች።

ተካሁት። ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አንድ ሲጨመር፣ አምስት፤
ከሰባት ሁለት ሲነሳ፣ አምስት።
ሁለት ምስክር፣ ሳይማከሩ፣ አንድ ቃል።
በሰኔ ነፃ ሰው ነኝ አልኩ። ወረቀቱ ከመሪዬ ስር ተሰክቷል።

ግንቦት ላይ፣ ሄርማታ ገበያ ጥግ፣ ጎርፍ የደበቀው ጉድጓድ
አክሱን ሰበረው፤ ካጠራቀምኩት ሦስት ሺህ፣ እኩሌታው ቀረ እዚያው መንገድ።
ዝናቡም ገፋ፤ ከእንግዲህ በወር አምስት መቶ ብታተርፍ ነው ባጃጄ፤
ያን ሽቅብ የሚወጣ መስመር፣ ዝቅ አድርጌ ደገምኩት በእጄ።

ነጥቡ ሸሸ እንጂ አልጠፋም፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፤ ነሐሴ ነው።
የአራት እኩሌታ ሁለት፣ በአንድ ሦስት። ከሰባት አራት ሲነሳም ያው ነው።
አንዱ እስከወጣ፣ አንዱ እስከወረደ፣ የሆነ ቦታ መገናኘታቸው አይቀርም፣
ብዬ ዞር ስል የረውዳን ወረቀት አየሁ። የሷ እንዲያ አይደለም።

ደመወዟና የቤት ኪራይዋ እኩል ሽቅብ ይወጣሉ፤
እንደ ባጃጄ የኋላ ጎማዎች፣ ጎን ለጎን እየሄዱ ሳይነካኩ ይርቃሉ።
«መልስ የለውም ብዬ ልጻፍ?» አለች። ፈዲላ ቾኳን ይዛ ዝም አለች።
ረውዳ አልጠበቀችም፤ እርሳሷን በምላጭ ትቀርጽ ጀመረች።