የጠፋበት ቃል

መሐል ሜዳ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ ጣሪያዋን ጉም የሚልሳት
አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ፣ የሰው አቤቱታ የምጽፍባት።
ሳንቃ ወለል፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ እግሯ ያጠረ ጠረጴዛ፣
ይሄም ኮምፒውተር፣ በእቁብ ብር አሮጌው የተገዛ።

ከጥቅምት ወዲህ ግን አመል አወጣ፤
ሳያቃስት፣ ሳይጮህ፣ ምልክት ሳያመጣ
ድርግም።
አምፖሉ እንደበራ፣ የጎረቤት ሬዲዮ እንዳወራ፣
እሱ ብቻውን ይጨልማል በዓረፍተ ነገር መሐል፣
"ተከሳሽም" ብዬ፣ ምን እንዳደረገ ሳልል።
እስኪነሣ ሁለት ደቂቃ። ያላስቀመጥኩት ሁሉ የለም።
"ከየት ጀምሬ ልንገርሽ?" ይሉኛል፤
ሁለተኛ ሲነግሩኝ ያጥራል።

እሱባለው መጣ፣ ሞባይል ጠጋኙ፤
ብሎኑን በጥርሱ ይዞ ሆዱን ከፈተለት፤
ከማራገቢያው ላይ የባና ሠሪዋን ጎረቤቴን
የበግ ጠጉር መዘዘ፣ እፍኝ ሙሉ ሱፍ።
"ታፍኖ ነው" አለኝ። "ሰውም ቢሆን ይወድቃል።" እፍ አለበት፤ እፍ።
ራሙን በላጲስ አሸው፣ እንደ ተማሪ ስህተት።
ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ጠፋ፣
ገና በጠዋት።

ፓወር ሳፕላይ አልን፤ ከደብረ ብርሃን በአይሱዙ መጣ፤ ጠፋ።
ስታቢላይዘር ተዋስን ከቀበሌው ጸሐፊ፤ ጠፋ።
ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነው፤ የሦስት ዓመት ፋይሌን ይዞ ጠፋ።
ባና ሠሪዋ "የተከሳሾች እርግማን ነው፣ ጠበል እርጪበት" አለችኝ፤
እሱባለው አሰበበት። "ከውጭ ከውጭ ብቻ" ሲል ፈቀደልኝ።

ተስፋ ስቆርጥ ደብተር ገዛሁ። የጠፋበትን ሰዓት፣
የጠፋበትን ቃል፣ ማን ተቀምጦ እንደነበር ያዝኩበት።

ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ከሩብ፤ አቶ ደምሳቸው፤ የድንበር ክርክር፤
"ችካሌን የነቀለው" ብሎ፣ "ወንድሜ" ሳይል።
ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ፤ ወይዘሮ አስካለ፤ የቀለብ ጥያቄ፤
"ሌሊት ጠጥቶ ሲገባ" የሚለው ላይ።
ሐሙስ፤ መምሬ ወልደየስ፤ የወራሽነት ጉዳይ፤
የሟች ልጃቸውን ስም ስጠይቃቸው።
ዓርብ፤ ብቻዬን፤ አርባ ገጽ የፈተና ወረቀት፤ አልጠፋም።
ቅዳሜ፤ አንድ ጎረምሳ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ቆሞ ያጻፈ፤ አልጠፋም።

"ቆሞ" የምትለዋን ሁለቴ አነበብኩ።
ተነሥቼ ዞርኩና በደንበኛው ወንበር ተቀመጥኩ።
እንደ አስካለ ሆኜ "ሌሊት ጠጥቶ ሲገባ" አልኩ ለባዶው ክፍል፤
እግሬ ሳላዘው ወደ ወንበሩ ሥር ተሰበሰበ፣
የላላው ሳንቃ ተረገጠ፣ ከሥሩ ያለፈው ገመድ ታጠፈ።
ድርግም።

ሰው ሁሉ፣ እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ፣ እግሩን ይሰበስባል።
ዳኛው ይህን አያየውም፤ ሳንቃው ግን ያውቃል።

እሱባለው ገመዱን አውጥቶ በግድግዳው ላይ አሳለፈው፤
የድካሙን ስጠይቀው፣ አፈረና፣ "ሻይ ጋብዢኝ" ብሎ አለፈው።

አሁን አይጠፋም። ነጩ ገጽ እንደበራ ያመሻል፤
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም እያለች ቀጣዩን ፊደል ትጠብቃለች።
ትናንት አስካለ ለይግባኝ መጣች። ያው ቃል ጋ ደረሰች።
ሳንቃው ሲጥ አለ። ዝም አለች።
እሷ የምታየው የስክሪኑን ጀርባ ነው፤
"ጠፋ እንዴ?" አለችኝ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።
እጄን ከፊደሎቹ ላይ አነሣሁ።
"አዎ" አልኳት። "እስኪመለስ ትንሽ እንጠብቅ።"