አፍ የሌለው መጽሐፍ

ሃያ ዓመት ሆነኝ በቡሬ እህል ተራ፣
ጆንያ ስወጋ፣ ኪሎ ስጣራ።
ባዶ ብረት አለኝ፣ ጫፉ የሾለ፣
እውነት የሚያወጣ ከሆድ የዋለ፤
ሻጭ መቼም ሻጭ ነው፤ ምርጡን ከአፉ ጥሎ፣
ነቀዙን ከታች ያስተኛል አባብሎ።

ከመናኸሪያው በር፣ ከጎሚስታው ኋላ፣
እንዳላማው አለ፣ በሸራ ጥላ፤
መጽሐፍ ያከራያል፣ ሳምንቱ ዐሥር ብር፤
የፊተኛው ገጽ ግን ነፃ ነው፣ በክብር።

ቆሜ እፈርዳለሁ፤ ሦስት አንቀጽ ይበቃል፤
ለሚጥም ሦስቱ ቀርቶ አንዱም ያስታውቃል።
«ፀሐይ ብርሃኗን መፈንጠቅ ስትጀምር…»
ይቅርታ፣ ዘጋሁት። ፀሐይ ትውጣ፣ ትኑር፣
እኔ ምን አገባኝ? ሰው አምጣልኝ፣ ሰው፣
ዕዳ ያለበት፣ ጉንፋን የሚያስነጥሰው።
አንዱ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥርልኛል፤
ባለታሪኩ ሳይወለድ ገጹ ያልቅብኛል።
አንዱ ገና ከደጃፍ ሬሳ ይጥልብኛል፤
ሳላውቀው የሞተ እንዴት ያስለቅሰኛል?

እንዳላማው ይስቃል።
«አንተ እኮ» ይለኛል፣ «ለሠርግ ተጠርተህ፣
ከደጅ የምትመለስ፣ ዳሱን ብቻ አይተህ።»

ሐምሌ ነው፣ ዶፍ ነው፤ ሸራው ውሃ አቁሯል፤
ገበያው ተበትኗል፣ ሚዛኑም ታስሯል።
ከሳጥኑ ግርጌ አንዱን አነሣሁት፤
ልባስም የለው፣ ርእስም አላየሁት።
ገጹ ዐሥራ ሦስት። ከቃል ወገብ ይነሣል፦
«…ለች እንጂ፣ ቁልፉን እሱ አልሰጣትም።»

ማን ናት? የምን ቁልፍ? ለምን አልሰጣትም?
ዝናብ ሲያባራ እንኳ አላስታወስኩትም።

መብራት ቢጠፋብኝ በስልክ አነበብኩኝ፤
ስልኬ ሲሞትብኝ ጎረቤት ሻማ ለመንኩኝ።
ሴትየዋ ቁልፉን ከጉድጓድ ስታወጣ፣
ዶሮ ጮኾ ነበር፤ እንቅልፍም አልመጣ።

ሰኞ ማለዳውን ሮጥኩኝ ወደሱ፦
«የታለ አፉ? የት ሄደ ራሱ?»
«ባንቺወሰን ወሰደች፣ ለቆሎ መጠቅለያ፤
ዐሥራ ሁለቱ ገጽ ሄደ በገበያ።»

ባንቺወሰን ሳቀች፣ ቅርጫቷን ገልብጣ፤
አንድ ቅጠል ብቻ ከሽምብራው ሥር መጣ።
ገጽ አንድ ነው፣ ጨዋማ። ቆሜ አነበብኩት፤
ፊደል በፊደል በጣቴ ተከተልኩት፦
«ፀሐይ ብርሃኗን መፈንጠቅ ስትጀምር፣
አእዋፍ በየዛፉ ሲያሰሙ መዝሙር…»

እንዳላማው ከኋላዬ፦
«አምና ቆመህ ዘግተህ የሰጠኸኝ ነው፤
አንተ የጠላኸውን ማን ያነብ ብዬ ነው።»

ዝም አልኩ። ቆሎ እንኳ አልገዛሁ።
ለካ ሽማግሌም ልጅ ሊጠይቅ መጥቶ፣
መቼ ይጀምራል ከጉዳዩ ገብቶ?
ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው ያነሣል፤
ጉሮሮ ይጠርጋል፣ ዘንጉን ይነካካል፤
የልጅቱ ስም የሚጠራው
ገጽ ዐሥራ ሦስት ላይ ነው።

ሐሙስ አንድ ገበሬ፣ ከሽንዲ የመጣ፣
ጆንያው አፉ ላይ ሻጋታ ያወጣ፣
«ተወው» አሉኝ ሁሉም። ብረቴን አነሣሁ፤
እስከ እጄታው ድረስ ከሆዱ ነከርሁ።
ምን እንደወጣ ለሰውየውና ለእኔ ይቅር።

ዛሬም፣ ልዋሽ እንዴ? የፀሐይ መውጣት አልወድም፤
ብቻ ዐሥራ ሦስትን ሳላይ አልፈርድም።
ያቺ ቅጠል ኪሴ ውስጥ ናት፤
ስከፍታት አሁንም
ሽምብራ ሽምብራ ትሸታለች።