ልየው

"ልየው" አለኝ ልየው፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣
ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ፣ አንገቱን ዝቅ አርጎ።
መርፌው አርባ ላይ ነው፣ ከደረቀ ቆየ፤
ስቆምም ስበርም፣ ሌላ ቁጥር አላየ።

በሩ ሲንቀጫቀጭ፣ "ስድሳ ገባ" እላለሁ፤
መስታወቱ ሲያፏጭ፣ "ሰማንያ" ብዬ እምላለሁ።
ተሳፋሪዎቼም፣ ከደጀን ሉማሜ፣
"ቀስ በል" ሲሉኝ ነበር፣ የሚሞቀው ደሜ።

ልየው ገመድ መዘዘ፣ የተበጠሰ፣ የዛገ፤
ከአንድ ሬሳ ፔጆ፣ ምትኩን ፈለገ፤
ግሪስ ቀብቶ ከተተ፤ "ሂድ፣ ሞክረው" አለኝ።
በሩ እንደ ልማዱ፣ ተንቀጫቀጨልኝ፤
መርፌው ተነሣ፣ እንደ ሽማግሌ፣ ጉልበቱን ይዞ፣
ሠላሳ አምስት ሲደርስ፣ አረፈ ተክዞ።

ባጃጅ አለፈኝ።

ለልየው ሒሳቡን፣ ሳልከራከር ሰጠሁት፤
መርፌውን እንዳላየው፣ ኮፍያዬን ደፋሁበት።