ኮከብና መሰላል

ጅማ ላይ ክረምቱ ጣሪያ መትቶ አይበቃው፣
በስልክ አፍ ይገባል፣ ጉሮሮ ሊያንቀው።

ያኔ ማይክሮፎን ማለት ከሰል ነበር፣ ልብ በሉ፤
ከጤፍ ያላለፉ ፍሬዎች፣ በቆርቆሮ ቆብ የሚዋልሉ።
ድምፅ ሲመታቸው ይጠጋጋሉ፣ ዝም ሲባል ይላላሉ፤
ሐምሌ ሲገባ ግን እርጥበት ጠጥተው እንደ ገንፎ ይያያዛሉ፣
ሰዎችም በሁለት ጫፍ ‹‹አይሰማም! አይሰማም!›› ይባባላሉ።
እጀታውን ከጠረጴዛ የሚያጋጨው ደንበኛ ሞኝ መስሏችሁ ከሆነ፣
አይደለም፤ ከሰሉን ነው የቀሰቀሰው፤ አጋጭቶ ነው ያዳነ።

ሙዘይን አባ ዲጋ፣ ሂርማታ፣ ከበርጩማ ጠራቢዎች ጎን፣
ሱቁ አንድ ሰው የሚችል፤ እኔ ተለማማጁ ደጅ የምሆን፣
የዋንዛ ፍቅፋቂ በነፋስ እየመጣ ጸጉሬን የሚሸፍን።

ሲፈትሽ ‹‹ሃሎ›› አይልም፤ ሃሎ በየትም ያልፋል ይላል፤
‹‹ጨው፣ ሻማ፣ ሽንኩርት፣ ጭልፋ›› እያለ በቀስታ ይጠራል።
እኔ በሽቦው ጫፍ፣ ከጠራቢው ግንድ ጀርባ ተቀምጬ፣
‹‹ጨው ደርሷል! ሻማ ቀርቷል!›› እል ነበር፣ ከዝናቡ አብልጬ።

አንድ ቀን ፌስታል ቀድዶ፣ እንደ ከበሮ ወጥሮ፣ ከሰሉን አለበሰ፤
‹‹ትንፋሹ ደጅ ይቅር፣ ቃሉ ብቻ ይግባ›› ብሎ ቆቡን መለሰ።
ሻማ ደረሰ።
በዚያ ክረምት እሱ የነካው ስልክ አንድም አላሳለም፤
ፈጠራ ብሎ አልጠራውም፤ ስሙንም የትም አልጻፈም።

ኋላ የሚሽከረከረው ቀርቶ የሚጫን ቁልፍ ሲመጣ፣
ሰው ጣቱን ማመን አቃተው፣ ቁልፉ ድምፅ ስላላወጣ፤
‹‹ለጣቴ ያልመለሰ፣ ሰው ሊመልስልኝ ነው?›› አሉ አንድ ሽማግሌ በቁጣ።
ሙዘይን ከቆርኪ ቀጭን ምላስ ቆርጦ፣
በቁልፉና በላስቲኩ መሃል ሸጉጦ፣
‹‹እስቲ ይሞክሩት›› አለ።
ጠቅ!
ሽማግሌው ዘጠኝን አስር ጊዜ ተጫኑ፤
ማንም ጋ ሳይደውሉ፣ በጠቅታው ብቻ ተጽናኑ።

ወይዘሮ ዙልፋ ከመንደራ፣ ስልካቸው በሻርፕ እንደታቀፈ፣
‹‹ሦስት ቁጥር እምቢ አለኝ›› አሉ፤ ‹‹የቀረው አንድም አልጎደፈ።››
ፈታው። የሦስት፣ የስድስት፣ የዜሮ ጥቁረት ከሥር ተልጧል፤
የሌሎቹ ያበራል፤ ጣት መች ደርሶባቸው ያውቃል።
ቁጥሮቹን አወቅን፤ ተራቸውን ግን አላወቅን።
ልጅነት ገፋፋኝና ‹‹ማን ጋ ይሆን የሚደውሉት?›› አልሁ፤
‹‹ስልክ ሠሪ አፍ ይጠግናል እንጂ ጆሮ የለውም›› አለኝ፤ አፈርሁ።

ኮከብና መሰላልን ያኔ እኛ ሰፈር የሚጫን አልነበረም፤
ለምን እንደተሠሩ ሙዘይን ራሱ አያውቅም።
በምላጭ ልጦ፣ የኮከብን ጥቁረት ለሦስት፣ የመሰላልን ለስድስት አደለ፤
ለዜሮዋ ጎደለ።
ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ የራሱን ስልክ ገልብጦ ኮከቡን ነቀለ።
ዋጋ ሲጠየቅ፣ ‹‹የሙጫው ሁለት ብር›› አለ።

አሁን ሂሳቡን ሊያይ የፈለገ ሁሉ ከኮከብ ይጀምራል፣
በመሰላል ይዘጋል።
ሱቋ የነበረችበት ፎቅ ሆኗል፤ መስታወት፣ የሞባይል ሽፋን፣ አምፖል።
የሙዘይን ስልክ እኔ ጋ ነው፤ መስመሩ ከተቆረጠ ቆይቷል።

ሐምሌ ሌሊት፣ አዌቱ ሞልቶ መንገድ ሲያስት፣
እጄ ወደ ኮከቡ ይሄዳል፣ ከሥሩ ጥቁረት ወደሌለበት።
ትናንትም ተጫንኩት።
ጠቅ አለ።
የቆርኪዋ ምላስ አልዛገችም፤
እንደ ሽማግሌው አስር ጊዜ ደገምኩት።