ያልተዘጋ ሂሳብ

ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው። ባለ ካሬ፣ ጫፉን አይጥ የበላው፣
ሦስት ዓመት ሙሉ ስጽፍበት ነበር ማን ምን እንዳዋጣው።
ዲንቂቱ ሁለት ዶሮ፤ አንዷ ሳትሸጥ የሞተች
(ሞተች ብዬ አልጻፍኩም፤ ሁለት ነው ያልኩት፤ ሰጥታለች)።
ሂርጶ የሰባት ቀን ጉልበት፣ ድንጋይ ከወንዝ ሲያወጣ፤
ልጁ ከጅማ ሲሚንቶ ላከ፣ በሚኒባስ ጣራ የመጣ፤
ግማሹ ድንጋይ ሆኖ ወረደ፣ መንገድ ላይ ዝናቡ ቀድሞት መጣ።
በበሩ ገጽ ላይ፣ «አባ ዱራ፣ አናጢ» ካልኩበት ስም ሥር፣
በእርሳስ ተጽፎ ቀርቷል፦ ቀሪ፣ ሁለት ሺህ ብር።

አባ ዱራ የሰቃ ሰው ነው። ዓርብን ለመስጊድ ይሰጣል፣
በቀሩት ቀናት ዋንዛ ይጠርባል፣ ከእንጨት ጋር ያወራል።
«ይህ ገና አልደረቀም» አለን፣ ሳንቃውን በጥፍሩ እየጫረ፣
«አንድ በጋ ይረፍ።» የኮሚቴው ጆሮ ግን ሌላ ቤት ነበረ፦
ቀን ተቆርጧል፣ ድንኳን ተከራይተናል፣ ጥሪው ተበትኗል፤
እንጨትስ ቢሆን፣ ለእግዜር ቤት ሲሆን፣ መቼ ቀጠሮ ይጠይቃል?

አሮጌዋ ቤታችን በር አልነበራትም። የማዳበሪያ ጆንያ
በሁለት ሚስማር የተሰቀለ፣ ያ ነበር የእኛ መዝጊያ።
በስብከት መሐል የጎንፋ ጥጃ ትገባለች፤ በዘንግ ያስወጣታል።
ማንንም መልሳ አታውቅም ያቺ ቤት፤ ዝናቡም ይመሰክራል።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አድሯል።
የድንኳኑ ሆድ ውሃ ቋጥሮ በዘንግ እየተነሣ ይደፋል።
እንግዶች በሁለት መኪና፤ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ
(የቀረው አጭር ንግግር የያዘው ነው፤ ረጅሙ ደረሰ በርትቶ)።
ሪባኑ ቀይ፤ መቀሱ የልብስ ሰፊዋ የዘሃራ፣ በውሶ።
ተቆረጠ። ተጨበጨበ። ቁልፉም ዞረ፣ በዘይት ርሶ።

ቄስ ኢተፋ ገፋ። በሩ ዝም።
ጎንፋ በትከሻው መጣ። በሩ አሁንም ዝም።
መዘምራኑ አንዱን አዝማች አራቴ ደገሙት።
እንግዳው ሰዓቱን አየ፣ ዝናቡን አየ፣
«ሆን ብሎ ነው» አለ አንድ ድምፅ፣ «ሂሳቡ ስላልተከፈለ።»
ደብተሩን ብብቴ ሥር ሸሸግሁት፤ ፊቴ እንደ እሳት ጋለ።

ጥሪ ስናድል ስሙን ማንም አላነሣም።
ከአጥሩ ውጪ ቆሟል፤ ግባ ያለው የለም፣ እሱም አልገባም።
ዲንቂቱ ናት ክንዱን ይዛ፣ ሰዉን በክርኗ እየከፈለች፣
«ለበሩ አባት መንገድ ልቀቁ!» እያለች።

ጫማውን ደፉ ላይ አወለቀ፣ እንደ ለመደው፤
መዳፉን እንጨቱ ላይ አሳረፈ፣ የታመመ ከብት እንደሚዳስስ ሰው።
በኦሮምኛ አንድ ነገር አለው፣ ለብቻው።
«ውሃ ጠጥቷል» አለን። «የጠጣን ሰው ስትገፉት ይሄዳል?
መጀመሪያ ያነሡታል።»
እጀታውን ይዞ ከፍ አደረገው፣ የአንድ ጣት ያህል፣
በጉልበቱ ነካ። ተከፈተ።

ሌንሳ የምትባል ልጅ በእንግዶቹ እግር መሐል ሾልካ ገባች፣
ባዶው አዳራሽ ውስጥ «ሁ!» አለች፤
መልሱ ሲመጣባት ደነገጠች።
የሣር ቤት ድምፅ ይውጣል፤
ቆርቆሮ እንደሚመልስ ማን ነግሯታል?

በግራ ጸሎት ቤቱ። በቀኝ፣ ሰኞ ክትባት፣ ረቡዕ ማታ ፊደል፤
ከተመዘገቡት ሠላሳ አንድ ሴቶች ዐሥራ አራቱ ከመስጊዱ ሠፈር፣
የአባ ዱራ ሚስት አንዷ ናት፤ ስሟን እኔው ጻፍኩት፣ በቀለም።

ማታ ጭቃውን ከጫማው ሲጠርግ ደረስኩበት።
«ቀሪህን ሰኞ...» ብዬ ጀመርኩ፤ አንገቴን ደፍቼ ነው ያልኩት።
«የእኔም ሥራ ቀሪ አለው» አለ። «በጋ መጥቼ እልገዋለሁ።
እስከዚያ እያነሣችሁ።»
ቤቴ ገብቼ በደብተሩ ጻፍኩ፦ በር፣ ተከፍቷል። ሂሳብ፣ አልተዘጋም።

በሩም አልተዘጋም። መልሶ የሚገጥመው ጠፍቶ ገርበብ ብሎ አደረ።
እሑድ ማለዳ ስንደርስ፣ በአዲሱ ሲሚንቶ ላይ፣ ልክ መሐሉ፣
ጥጃዪቱ ተኝታለች።
ጎንፋ ዘንጉን አነሣ፣
እኛን አየ፣
አወረደው።