የድንጋይ አበቅቴ

ከቢቸና ወዲያ፣ ሙጋ በሰነጠቀው ገደል ሥር፣
ይበልጣል ለጤና ጣቢያው አጥር ድንጋይ ሲጠርብ፣ መዶሻ ሲሰነዝር፣
አንዱ እንደ ባቄላ ክክ ለሁለት ተከፈተ፤
መሐሉ ላይ ቅጠል፣
ጅማቱ ያልተበጠሰ፣ ጠርዙ ያልተሸረፈ፣ አረንጓዴው ብቻ የሞተ።
«ማነው የሣለው?» አለኝ፣
ቅንድቡ በድንጋይ ዱቄት የሸበተ።

ተንበረከክሁ። አየሁት በአጉሊ መነጽር፤
ዋንዛ አይደለም፣ ብሳና አይደለም፣ አላውቀውም ይህን ዘር።
ጫፉ ሾሎ፣ እንደ ምላስ ወደ ታች የጠቆመ፣
ውሃ እንዲያንጠባጥብ፤
ዝናብ የማያባራበት ደን ውስጥ የቆመ።
ይኸው አሁን ውርጭ የሚልሰው የገብስ ማሳ
ያኔ ወበቅ ነበር፣
የሐይቅ ዳር ነበር፣ ቅጠል ረግፎ የሚተኛበት ሳይነሳ።

ጭቃው ስስ ነው፤ ክረምት በክረምት ላይ እየተነጠፈ፣
ዕድሜውን ግን አልጻፈ።
ጭቃ መጤ ነው፤ ቢጠይቁት የማንን ዕድሜ ይናገራል?
የተራራ ፍርፋሪ ነውና የአያቶቹን ዘመን ይቆጥራል።
ከላዩ አንድ ክንድ ነጭ አመድ፣ ከሥሩ አንድ ስንዝር አመድ፤
ሁለት ምስክር ናቸው፣
ቅጠሉ መሐላቸው፣ እንደ ተከሳሽ ለፍርድ።

አመዱን ነፋሁ፣ አጠብሁ፣ በመርፌ ጫፍ ለቀምሁ፤
ከጤፍ ያነሱ፣ እንደ ብርጭቆ የጠሩ ፍሬዎች፣ መቶ ሃያ ቆጠርሁ።
እያንዳንዷ በቀዘቀዘች ቀን በሯን ከውስጥ ዘጋች፤
ፖታሲየሟ እየመነመነ፣ አርጎን ስታጠራቅም ኖረች።
ነፋስ ነው አርጎን፤ ከማንም አይጋባ፣ ከማንም አይጣላ፣
መውጫ ሲያጣ እዚያው ይከርማል፣ እስኪፈታው እሳት ሌላ።
የሄደው አይቆጠርም።
የቀረውን የቆጠረ ግን የሄደውን አይስትም።

ፍሬዎቹን ባሕር ማዶ ላክሁ፣ በጨረር ወደሚፈትኗቸው፤
ጉምሩክ አንድ ወር አሰራቸው፣ «ወርቅ ናቸው?» እያለ ፈራቸው።
በስምንተኛው ወር መልስ መጣ፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት ቁጥር፤
ቤቴ እስክደርስ አልታገሥሁም፣ አነበብሁት መንገድ ዳር።

ማታ ለአባቴ ነገርሁት፣ ለመሪጌታ ልሳነወርቅ፣
አርባ ዓመት ባሕረ ሐሳብ አስተምሮ፣ ጣቱ ከቁጥር የማይርቅ።
ዓለም በእርሱ አንጓ ላይ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ከምናምን ዓመት ናት፤
የእኔን ቁጥር ከማውጣቴ በፊት ምላሴን ነከስኋት።
መጀመሪያ መንገዱን ጠየቀኝ፤ ሳልዘል ነገርሁት።
ሳቀ።
«ይኼማ አበቅቴ ነው! በዐሥራ ዘጠኝ ገድፈሽ
የተረፈውን ስትይዢ፣ ትርፉ ነው ዘመን የሚነግርሽ።
ስንት ወጣ?»
«ሃያ ሰባት ሚሊዮን» አልሁ፣ «ሲበዛ ሲያንስ ሁለት መቶ ሺህ።»
ዝም አለ። ጣቱን ዘረጋ፣ አጠፈ፣ መለሰ፤
አንጓው አልበቃውም ለዚህ።
ቆይቶ፣ «እኛ አንድ ለዘመን እንተዋለን፤ አንቺ ሁለት መቶ ሺህ ተውሽ?
ለጋስ ነሽ።»

ከዚያ ወዲያ አላነሳውም። እኔም አላነሳሁበት።
እርሱ የሚቆጥረው ለፋሲካ ነው፤ እኔ የምቆጥረው ለእሳት።
ስለ ቅጠሉ የማውቀው ይኸው ነው፦ ከታችኛው አመድ ያንሳል፣
ከላይኛው ይበልጣል።

ይበልጣልን በማግሥቱ፣ «ሌላኛው ክክ የታለ?» ብለው፣
መዶሻውን ሳያስቀምጥ አገጩን ወደ ግንቡ አቀናው።
ሲሚንቶ ጠጥቶ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ተገንብቷል፤
እናቶች ክትባት ሲጠብቁ ጀርባቸው ይደገፍበታል።
የትኛው ድንጋይ እንደሆነ
ይበልጣልም ረስቷል።